ውሃው ይፈላ

ስቶንፎርድ፣ አልበርታ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት።
ቢላውን ትቼው ብወጣም፣ ጣቴ አልተፈታም ከጭብጠት።
አውቶቡስ እስኪመጣ ስልኬን ከፈትሁና
ዓለምን ዞርኋት በአውራ ጣቴ ጎዳና፤
ሊዝበን ላይ ድመት ከፎቅ ወድቃ ስትተርፍ፣
ሲድኒ ላይ ሙሽራ ባሕር ወድቆ ሲንሳፈፍ፣
አንድ የማላውቀው ጎረምሳ ሽንኩርት ሲከትፍ
አየሁ። ሳቅሁም።
ቤቴ ገባሁ፤ ከቧንቧው ቀድቼ ጠጣሁ።
ትርንጎም ጠጣች። ልጁም ጠጣ።

በሦስተኛው ቀን አንጀታችን ተተርትሮ ሊወጣ
ሲል፣ ክሊኒክ ደረስን። ነርሷ ግራ ገብቷት
«ሳይፈላ አይጠጣም ተብሎ አልነበር?
ማስታወቂያው ወጥቷል እኮ፣ ሰኞ ለት!»
«የት ወጣ?»
«በከተማው ጋዜጣ።»

ስልኬን መዝዤ የጋዜጣውን ስም ጻፍሁ፤
ግራጫ ሰሌዳ። ከግራጫው ሥር አንዲት መስመር አነበብሁ፤
«ካናዳ ውስጥ ያሉ ሰዎች ዜና እዚህ ማየት አይችሉም።»
ድመቷን ግን ይችላሉ። ሽንኩርቱን አልከለከሉም።

መንግሥት «ለጻፉት ክፈሉ» አለ፤
ባለመስኮቱ «ከምከፍል እዘጋለሁ» አለ።
ሕጉን በኋላ አነበብሁት፣ አንቀጽ በአንቀጽ፣ ክፋት አላገኘሁበትም፤
የእኛ ቧንቧ ግን የትኛውም አንቀጽ ውስጥ የለም።
ቅርብ ያለ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ሲባል
የሰው ንቀት ይመስለኝ ነበር፤ ለካ አጥርም ይበጅለታል።
ውሃው ሳይፈላ ደሜ ፈላ።

ጋዜጣው ማለት ኢንግሪድ ናት፤ ሰባ አንድ ነው ዓመቷ፤
ሁለት ውሻ፣ አንድ አታሚ፣ ጋራዡ ማተሚያ ቤቷ።
«አራት መቶ ሰው በስልኩ ያነበኝ ነበር» አለች፤ «አሁን ዘጠና።»
ከአራቱ መቶም እንዳልነበርሁ አፍሬ ዝም አልሁና
ወረቀት ጠየቅኋት።

ኮምፒውተሯ ፊደላችንን አያውቅም። በእጄ ጻፍሁ፣ በወፍራም ቀለም፤
ረናቶ በታጋሎግ፣ ዋርሳሜ በሶማሊኛ ደገም።
በልብስ ማጠቢያው በር፣ በቄራው መግቢያ፣
በአውቶቡሱ ማቆሚያ
ለጠፍን።

በማግስቱ ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ አንድ ልጅ ከፈረቃ ወጥቶ
ከወረቀቱ ሥር ቆሟል፣ ፊቱ በስልኩ በርቶ።
ድመቷን እያየ ነው መሰለኝ።
ትከሻውን ነካሁት።