ጤነኛ ጥርስ

ታራንቶ ከተማ፣ በትንሹ ባሕር ዳር፣
በሰው ስም እየኖርኩ ዛጎል ስፈለቅቅ ነበር።
ቢላው ከመጋጠሚያው በጎን ገባ ብሎ፣
ቅርፊቱ እንዳይሰበር አውራ ጣት አባብሎ፤
ሽማግሌው ኑንዚዮ ነው ያስተማረኝ ይህን፤
«አትታገለው» አለኝ፣ «ካመነህ ይሰጥሃል ሆዱን።»
ሥራዬን አስተማረኝ፣ ሥራዬን ሳያውቅ።

የብረት ፋብሪካው ቀይ አቧራ ያዘንባል፤
ሸሚዜ፣ መስኮቴ፣ ትራሴ ዝገት ይመስላል።
ሳቬሪዮ ይሉኛል። ሳቬሪዮ ስባል
ሳላመነታ መዞር ዓመት ፈጅቶብኛል።
በእናቴ አገር አፍ በሕልሜ እንዳልቀባጥር፣
ሰው ባደረበት ቤት ዓይኔን አልከድንም ነበር።
እሑድ እሑድ ብቻ፣ ከመድኃኒት ቤት ጓሮ፣
ሚስቴን «አለሁ» እላታለሁ፣ ይህም ከተባለ ኑሮ።

ጫማዬ ተረከዝ ውስጥ መቅረጫው ተኝቷል፤
ኦሮንዞ የሚለውን ቃል በቃል ይውጣል፤
ስንት ኪሎ እንደገባ፣ በየትኛው ኮንቴይነር፣
የማን ሱቅ እንዲቃጠል፣ የማን ልጅ እንዲቀበር።
በዚያው ድምፅ ውስጥ ደግሞ፦
«ሳቬሪዮ፣ አልበላህም። ዛሬስ ምን ነካህ?»
ይህን ፍርድ ቤት አልጠየቀኝም።
ይህም ግን ተቀርጿል።

የካቲት ነው። አራት ሆነን ካርታ እንጫወታለን።
ስልኬ ብልጭ አለ።
«ሰዓትህ አይጠገንም፤ ቆሟል» ይላል ጽሑፉ፤
ጎሪዚያ ላይ አባቴ፣ ሰዓት ሠሪው፣ ማለፉ።
መርዶ እንዲህ ይመጣል? ባለ ሦስቱን ጣልኩ።
ኦሮንዞ ቀልድ አመጣ፤ ከሁሉ አስበልጬ ሳቅኩ፤
ጥርስ ባዳ ነውና።
ዓይን ግን ዘመድ ነው፤ ከዳኝ፣ ሞላ ወዲያው።
«ምን ሆንክ?» አለ ኦሮንዞ። «ጥርሴ» አልኩት፣ «መንጋጋው።»

«ቅርንፉድ ያዝበት» አላለም እንደ ሰው፤
ካርታውን በተነ፤ ኮቱን ትከሻዬ ላይ ጣለው፤
ከሌሊቱ ሰባት ሐኪም ከአልጋ አስነሣ።
ሐኪሙ «ይህ እኮ ጤነኛ…» ብሎ ጀመረና
የኦሮንዞን ፊት ሲያይ ቃሉን ዋጠና
ጉጠቱን አነሣ።
ኦሮንዞ እጄን ያዘኝ፣ የወንድም አያያዝ፤
ማደንዘዣው ገና በወጉ ሳይዝ
ወጣ ጤነኛ ጥርሴ፣ ከነሥሩ፣ ከነደሙ፤
ኡኡ ብዬ አለቀስኩ፤ ማን ሊያውቅ የቱ ጋ እንደሆነ ሕመሙ።
«አልቅስ፣ ወንድሜ፣ አልቅስ፤ ጥርስ ክፉ ነው» አለኝ።
አባቴን በጥርሴ ጉድጓድ ቀበርኩ። ለቅሶ የደረሰኝ
የምሰልለው ሰው ነው።

በሚያዝያ ልጁን ክርስትና አነሣሁ፤
ካታልዳ ተባለች፣ በአያቷ። ቄሱ «ስምህ?» ሲሉኝ
እግዜር ፊት ዋሸሁ።
ኦሮንዞ ደረቱ ላይ አጥብቆ ያዘኝና
«አበልጄ» አለኝ።
ያቺን ቃል ለአለቆቼ ከመላኬ በፊት፣
ማታ ጫማዬን አውልቄ፣
ደጋግሜ ሰማኋት።

ሊነጋ ሲል መጡ። እኔንም አሰሩኝ፣ ነገሩ እንዳይነቃ፤
እሱ በካልሲ ብቻ፣ የፊጥኝ ታስሮ፣ ግቢው መሀል ጮኸ፦
«እሱን ተዉት! ምንም አያውቅም! አበልጄ ነው፣ በቃ!»

ችሎት ላይ ከመጋረጃ ጀርባ ተቀመጥኩ፤
ድምፄን በመሣሪያ አጎርንነውት፣ ሦስት ቀን መሰከርኩ፤
ቀኑን፣ ኪሎውን፣ ስሙን።
ግን «ሰ» ባልኩ ቁጥር በክፍተቱ ትንሽ ፉጨት ታመልጣለች፤
መሣሪያው ሁሉን ለውጦ እሷን ብቻ ረስቷታል።
በሁለተኛው ቀን ከፍርግርጉ ውስጥ ወንበር ተንቋቋ።
ቆሞ ዝም አለ። ዝም አለ። ከዚያ፣ ለማንም ሳይሆን፦
«ያንን ጥርስ» አለ፣ «የከፈልኩበት እኔ ነኝ።»
ጸሐፊዋ ምን ብላ እንደመዘገበችው አላውቅም።

አሁን በሦስተኛ ስም፣ በሌላ ከተማ ነኝ።
ሊቪያ «አስተክለው እንጂ» ትለኛለች፤
ሁለት ጊዜ ቀጠሮ ይዛልኝ፣ ሁለቴም ቀረሁ።
ጎሪዚያ ሄጄ አባቴ መቃብር ላይ ቆምኩ፤
ዕንባ እምቢ አለኝ።
እርሜን ቀድሜ አውጥቻለሁ፣ በሰው ፊት፣ በሰው ስም።
ምላሴ ብቻ፣ ሌሊት፣ ጉድጓዱን ትዳስሳለች።

ካታልዳ ዘንድሮ ሰባት ዓመት ይሆናታል፤
በዚህ ዕድሜ ደግሞ የወተት ጥርስ ይነቀላል።
እጇን ማን ይዟታል?