ባዶ ፖስታ

ሐሙስ ነው። ጌንት ላይ ከማለዳ ጀምሮ
ዝናቡ ይወርዳል እንደ ድር ተወጥሮ።
ሃያ ሦስት ጃኬት ከመንጠቆ ተሰቅሎ
ኮሪደሩን አራሰው ጠብ ጠብ ጠብ ብሎ።

«ጁፍ» ይሉኛል ልጆች፣ መምህርት ለማለት፤
ዋናዋ ሊቨ ናት፣ እኔ ረዳት፤
ሥራዬም አንድ ነው፦ ከዮሪስ ጎን መቀመጥ፣
እርሳስ ሲሰባብር፣ ደብተር ሲበጣጥስ አለመደንገጥ።

ይህ ልጅ ወንበር ይወረውራል።
ቀልድ አይደለም፤ ባለ ብረት እግሩ ወንበር ይበራል፤
ማይረ ጆሮዋን ይዛ ከጠረጴዛ ሥር ትገባለች፤
ሊቨ «ሁላችሁም ወደ ግቢ» ትላለች፤
ሃያ ሁለቱ በሰልፍ ይወጣሉ፣ እንደ ለመዱት፤
እኔና እሱ፣ ወንበሩም፣ እንቀራለን በአንድ ቤት።

ያኔ ነው እጄን የሚያሳክከኝ።
(እውነቱን ልናገር፤ በአማርኛ ነውና ማንም አይከሰኝ።)
የሂሳብ መምህሬ ጋሽ መኩሪያ
ጣታችንን አስገጥሞ፣ የጥፍራችንን ጫፍ፣ በማስመሪያ፤
በጠጠር ላይ አንበርክኮ፣ ጆሯችንን ቆንጥጦ፣
«ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» ይለን ነበር፣ ምራቁን ውጦ።
እኛም ተቀጣን። ሲቆጡን አላለቀስንም። እውነት ነው ያለው።
ግን ሰባት ጊዜ ስምንት ሲባል፣ ዛሬም ጣቴን ነው የሚያመው።

እዚህ ማስመሪያ መስመር ብቻ ያሰምራል።
ሊቨ እንዲህ ትለኛለች፦ ድምፅሽ ሲወርድ የእሱም ይወርዳል፤
ፊት ለፊቱ አትቁሚ፤ ከጎኑ ቁጭ በይ፤
«ለምን» አትበይው፤ እሱስ ያውቀዋል ወይ?
ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ጉልበቴ ቋ አለ።
እሱ በመስኮት የወንዙን ዳክዬ አየ። ምንም አላለ።

አንድ ነገር ያየሁት ከብዙ ሐሙሶች በኋላ ነው፦
ሐሙስ ሐሙስ የሚይዘው ሁለት ቦርሳ ነው።
አንዱ የደብተር፤ ትልቁ የፒጃማ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ የጫማ፤
ከእናቱ ቤት ወደ አባቱ ይሻገራል፣ በትራም፣ በጨለማ።
ማወቁ ጥሩ ነው። ወንበሩ ግን አልቆመም፤
የሚበር ነገር በማወቅ ብቻ አያርፍም።

ስለዚህ ዘዴ ፈጠርን። ጆሮው ሲቀላ፣ ወንበሩን ሲጨብጥ፣
«ዮሪስ፣ አስቸኳይ ነው!» እላለሁ፤ ፖስታ ወስዶ እንዲሰጥ፣
ለአራተኛ «ሀ»፣ ለመምህር ባርት፣ ሠላሳ አራት ደረጃ ወጥቶ።
ፖስታው ባዶ ነው። ባርት ያውቃል፤ ያነባል ከፍቶ፣
ግንባሩን ይቋጥራል፤ «መልሱ እሺ ነው በላት» ይለዋል።
ልጁም ቁጣውን በየደረጃው አራግፎ፣
ይመለሳል እንደ አምባሳደር ደረቱን ነፍቶ።

ባለፈው ሐሙስ ግን ዘገየ። ደቂቃ ቆጠርኩ፣ ዐሥር።
ደረጃው መሃል አገኘሁት፤ የተቀደደው ፖስታ በጉልበቱ ሥር።
«ባዶ ነው» አለኝ።
አፍንጫው ይወርዳል፤ በእጅጌው እንኳ አልጠረገም።
(ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ያሉት፣ ለካ ተረት ብቻ አይደለም።)
ውሸቴን ልሸፍን ብል ደችኛው ጠፋኝ፤ አማርኛውንም አጣሁ።
«ሁልጊዜም ባዶ ነበር?»
«ነበር» አልኩት።
ታች ሊቨ ማባዛት ታስቆጥራለች።
ፖስታውን ጭኑ ላይ ዘርግቶ በመዳፉ እጥፋቱን አሳመረ፤
ቆይቶ፣ እኔን ሳያይ፣ ለደረጃው እንደሚያወራ ተናገረ፦
«ቢሆንም ሐሙስ ሐሙስ ላኪኝ።»

ከምሳ በኋላ ወንበር ወረወረ።
አንድ። ዝቅ አድርጎ።
ማይረ ከቦታዋ አልተነሣችም።

ዛሬም ሐሙስ ነው። ትልቁ ቦርሳ በሩን ተደግፏል።
ፖስታው ውስጥ ወረቀት ልጨምር ብዬ ተውኩት። ባዶው ይበቃል።