በጎን የተሣለው

ከአንገረብ ማዶ ያለች፣ ወይራ የከበባት፣
ጣራዋ አፍስሶ ዝናብ ያበሰበሳት፣
ትንሽ ደብር ናት፤ ሥዕሏን ልጠግን
መሰላል ላይ ስውል ዛሬ አሥረኛ ቀን።

በሰሜኑ ግድግዳ፣ ከስቅለቱ በታች፣
ወናፍ የምትነፋ ሴት ተቀምጣለች፤
ከፊቷ ቀጥቃጩ፣ ጉልበቱን አጥፎ፣
የጋለውን ችንካር በጉጠት ደግፎ።

ጻድቃን ሰማዕታት ሁለት ዓይን አላቸው፤
ጨረቃና ፀሐይ ፊት ለፊት ናቸው፤
እሱ ግን በጎን ነው። ከይሁዳ ጋራ፣
ከሰይጣንም ጋራ፣ ካንድ ዓይናዎች ተራ።

ክፉ በጎን ይሣል፣ ይላል የጥንቱ ሥርዓት፤
ይህን የተማርኩት ኋላ ነው፣ ትምህርት ቤት።
ፊደል ሳልቆጥር ግን ነግራኛለች እናቴ፦
«ሥራው ምን ነው ካሉህ፣ አራሽ ነው በል አባቴ።»

አባቴ አዘዞ ገበያ ማረሻ ሲሸጥ
ገዢው ሳንቲሙን መሬት ነበር የሚያስቀምጥ፣
እጅ ከእጅ እንዳይነካ። ማረሻውን ግን
አቅፎት ይሄድ ነበር፣ እንደ በኩር ሕፃን።

«ሌሊት ጅብ ይሆናል» ይላል ጎረቤቱ።
ሌሊት እኔ የማውቀው ወገቡን ሲያመው ነው፣
እናቴ በሙቅ ጨርቅ ስታሸው።
ጅብ ቢሆንማ ምን ነበረበት፣
የወለቃን ዳገት በአንድ ትንፋሽ በወጣት!

ዛሬ ጥቀርሻውን በእርጥብ ጥጥ ሳነሣ
ካፍንጫው ወዲያ፣ ከጥቁሩ ቀለም ሥር፣
አንድ ነገር አየኝ።

ዓይን ነው።
ሠዓሊው መጀመሪያ ሙሉ ፊት ሥሎታል፤
ኋላ ነው ያዞረው።
ማን አዘዘው? አለቃው? ወጪውን የቻሉት እመቤት?
ወይስ የቀለም መፍጫውን፣ ቢላዋውን
ማን እንደሠራለት ድንገት ትዝ ብሎት ፈራ?
እንጃ። የደፈነበት ቀለም ግን ስስ ነው፤
ለሚመጣ ሰው በር ገርበብ እንደማድረግ።

መዝገቡ ላይ «ጉዳት» የሚል ዓምድ አለ።
ብዕሬን ይዤ ብዙ ቆየሁ፣
ባዶውን ተውኩት።

ማታ ቄሰ ገበዝ ልሳኑ ሊዘጉ መጡ።
«ምን ተገኘ ዛሬ?»
«ቀጥቃጩ ሁለት ዓይን አለው» አልኳቸው።
ቀና ብለው አዩት። መስቀላቸውን ነካኩ።
«የኔም አባት፣ አድጎ፣ ቀጥቃጭ ነበር።»
አፌ ነው ያለው፤ እኔ ገና መሰላል ላይ ነበርኩ።

ዝም አሉ። የበሩ ብረት ብቻ ሲጥ አለ።
ከዚያ፣ እንደ ሁልጊዜው፣
የነገውን ቁልፍ ሊሰጡኝ እጃቸውን ዘረጉ፤
መሃል ላይ ቆመ።

እኔም መዳፌን ከፍቼ፣
አልቸኮልኩም።