ጭጋጉ ይብራ ወይስ ይጥፋ?

ሐሙስ ምሽት፤ ከዋሻው ማዶ መኪናው ጥሩምባ ነፋ፣
ደብረ ሲና ጭጋግ ለብሳ ግማሽ ከተማው ጠፋ።
የፎቶ ኮፒውን ማሽን አጥፍቼ ጨርቅ አለበስኩት፣
ወንበሩን በእጄ ጠርጌ ለግዛቸው አስቀመጥኩት።

ግዛቸው የኤፍኤስአር ረዳት፣
ኮምቦልቻ ደርሶ መልስ፣ ሳምንት የሚፈጅበት፤
ስሙ ግዛቸው ነው እንጂ መግዛት አልሆነለትም፣
ሁለት ዓመት ተጫውተናል፣ አንድ ከተማ አልቀረለትም።

አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ወንበር፤
እሱ ተራውን ተጫውቶ ተነስቶ ሲበር፣
እኔ የኔን ተራ ይዤ ሳምንቱን ሙሉ ሳሰላ፣
እሱ ሮቢት ላይ ወርዶ ጎማ ሲፈታ፣ ሲያላላ።

ዛሬ ግን አዲስ ጨዋታ።
የድሮው አበቃ፤ ከተማው፣ መርከቡ፣ ሁሉም ተረታ።
«ያለቀ አልቋል» አለና ቆሎ ከኪሱ አውጥቶ፣
ስክሪኑ ላይ አፈጠጠ፣ እንግዳ ፊደል ፈርቶ።
«አንብቢልኝ አስካለ፣ እኔ በአማርኛ ላዝዝ፣
አንቺ ምልክት አድርጊ፣ እኔ ቆሎዬን ልያዝ።»

የካርታው ስፋት፦ ጠባብ፣ መካከለኛ፣ ግዙፍ።
«ግዙፍ!» አለ። «ኮምፒውተሩ አርጅቷል፣ ሊወስደው ነው እንቅልፍ።»
መካከለኛው ላይ ታረቅን።
ባሕሩ ከፍ ይበል? ዝቅ? ስለው፣ «የት አውቀዋለሁ?» ብሎ ሳቀ፤ ሳቅን።
«ጅቡቲ እንኳ አልደረስኩም፤ ዝቅ አድርጊው፣ መሬት ይብዛ፣
ዳገቱንም ቀንሺልኝ፣ ፍሬን መያዝ አይደል ዋዛ።»

የአየሩ ጠባይ፦ ደረቅ፣ መካከለኛ፣ ርጥብ።
ጃኬቱን ሲያራግፈው ወለሌ ላይ ጠብ ጠብ፤
«ደረቅ» አለ።

ከቀላሉ ጀምሬ እስከማይቻለው ሳነብለት ክብደቱን፣
«የለመድነው ይሁን» አለ፤ ዝርዝሩ ላይ አጣሁት፣ የለመድነውን።

ወንበዴስ? አልኩት፤ ካርታው ላይ በየጫካው የሚፈለፈል፣
የተሠራ የሚያቃጥል፣ መንገደኛ የሚገድል።
ቆሎው አፉ ውስጥ ቆመ።
ወደ መንገዱ አይቶ ዝም አለ፤ ዝምታው ረዘመ።
«እሱን አጥፊው» አለ፣ በቃ።
አጠፋሁት። አንዷን ጥሬ በጥርሱ ሰበራት፦ ቃ።

የዙሩ ብዛትስ? ሦስት መቶ፣ አምስት መቶ፣ ገደብ የለሽ።
«በሳምንት አንድ ዙር ቢሆን፣ አምስት መቶው ስንት ያወጣል? ሂሳብ አንቺ ትችያለሽ።»
«አሥር ዓመት ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው» አልኩት።
ጆሮዬ ጋለ። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ስክሪኑን በክንዴ ወለወልኩት።
እሱ ጎማ እንደሚፈትሽ በጣቱ አንኳኳ ጠረጴዛው ላይ፣
«አሥር ዓመት... እሺ፣ ይሁን። ከዚያ ወዲያ ያለውን ያኔ እንይ።»

የቀረችው አንዷ ሳጥን፦ ያልታየውን አገር የምትሸፍን፣
እግር እስኪረግጠው ድረስ ካርታውን የምትከድን፤
ጭጋጉ፦ ይብራ ወይስ ይጥፋ?
«አጥፊው!» አለ። «በየሳምንቱ ጣርማ በር ላይ፣ ልቤ እስኪጠፋ፣
‹ግራ! ያዝ! ልቀቅ!› እያልኩ በመስኮት ተንጠልጥዬ ስኖር፣
በጨዋታም ጭጋግ? ተይኝ፤ አንዴ እንኳ ቁልጭ ብሎ ይታየኝ አገር።»

«ይብራ» አልኩት።
«እኔ ከዚህ የትም አልሄድ፤ ከተማውን በቃሌ አውቀዋለሁ፣
የሰው መታወቂያ ሳባዛ ስንቱን ፊት እደግመዋለሁ፤
አንድ ያላየሁት ጫፍ ይኑረኝ፣ ስሄድ ስሄድ የሚገለጥ፤
አንተ መንገዱ ሰለቸህ፣ እኔ ግን ወዴት ልሩጥ?»

ጥሩምባ። አንዴ። ሁለቴ።
«አንቺው ወስኚ፣ ተራሽ ነው» ብሎ ወጣ፣ ቆሎውን አፍሶ ፊቴ።

ተራ፦ ወረፋም ነው፣ ርካሽም ነው፣ የመኪና መቆሚያም ነው፤
የቱን ብሎኝ እንደሄደ እንጃ፣ ቃሉን ብቻ ነው የተወው።

በሩ ላይ ቆምኩ። የኋላ መብራቱ ሁለት ፍም፣ ከዚያ አንድ፣ ከዚያ ምንም፤
«ያዝ! ልቀቅ!» የሚለው ድምፁ ትንሽ ተከተለኝ፣ እሱም አልረዘመም።
የውጩን አምፖል አበራሁ፤ ጭጋጉ ነው እንጂ የበራው መንገዱ አልታየ፣
ሳይነጋ የነጋ መስሎ በሬ ላይ ነጭ ሆኖ ቆየ።

ሳጥኗን አልነካኋትም። «ጀምር» የሚለውም አልተጫነም።
ሐሙስ ሩቅ ነው፤ ቆሎው ብዙ፤ የሚያስቸኩልም የለም።