የጥጃዋ አንገት

ብራና ፋቂ ነኝ፣ እጄን ኖራ የበላው፣
ቤቴ ከገዳሙ ጓሮ፣ ከወንዙ በስተኋላው።
ፊደል አልለይም፣ ዜማም አይገባኝ፣
ቆዳ ግን ከዳሰስኩት ምንም አይዋሸኝ።

ጥጃዪቱን አውቃታለሁ፤ ቀይ ነበረች፣ ቦቃ፣
ውርጭ መታት አንድ ሌሊት፤ አልተነሣችም፤ በቃ።
ተባይ የበሳት ቀዳዳ ነበራት ከትከሻዋ፣
አንገቷም ቀጭን ነበር፣ እንዳጠረው ዕድሜዋ።
በኖራ ዘፍዝፌ፣ በክፈፍ ወጥሬ፣
በጨረቃ ካራ ፍቄ፣ አሳምሬ፣
ለአባ ኦስበርን አስረከብኩ፤ ደሴታችንን ሊሥልበት፣
ወንዙን ከነስሙ፣ ደብሩን ከነደወሉ ሊተክልበት።

የእኛን ንጉሥ አገር በሆዷ ላይ ዘረጋ፤
ለንደንን ባለ ግንብ፣ ቴምዝን በባለ ዋጋ
ሰማያዊ ቀለም፤
ቦታው ሰፊ ነዋ፣ የሚቸግር የለም።

ወደ ሰሜን ሲወጣ ግን ቆዳው እየጠበበ፣
አንገቷ ላይ ደረሰና ብዕሩን ነክሶ አሰበ።
ስኮትላንድን፣ ዘውድ ያላትን፣ በዚያች ሦስት ጣት ቦታ
አስገባት እንደ እንግዳ፣ በጠባብ በር፣ በማታ።

ተባይ የበሳትን ቀዳዳስ ምን ያድርጋት?
ዙሪያዋን አረንጓዴ ቀባና ሐይቅ አላት።
ስም ሰጣት እንዲያውም፤ ስሟም የላቲን ነው፤
ቀዳዳ ስም ካገኘ ማን ቀዳዳ ነህ ሊለው?

ከቀኝም ከግራም ባሕሩን አስገባና
ድልድይ ሠራላቸው፣ አንዲት፣ እንደ ክር ቀጥና።
ባዶው ሲያስፈራው ጊዜ አንድ አጋዘን ሣለ፣
ቀንዱ የንጉሣቸውን ዘውድ እጥፍ እያከለ።
«ከድልድዩ ወዲያስ?» አልኩት። «አላውቅም» አለኝ፣
«የሄደን ሰው የሚያውቅ ሰው ነው የነገረኝ።»

በዐቢይ ጾም መግቢያ አንድ የሱፍ ነጋዴ መጣ፣
ማሊስ ይባላል ስሙ፣ ከዚያው ከአንገቱ የወጣ።
ዝናብ ያራሰው፣ ጢመ ቀይ፣ ሁለት በቅሎ የሚነዳ፤
አባ ኦስበርን ደስ ብሎት አሳየው ያንን ቆዳ።

ማሊስ ዝም አለ። ጣቱን ከሐይቁ ላይ አኖረ፣
ከዚያ ሣቀ፤ ጸሐፊው ሁሉ ብዕር እንደያዘ ዞረ።
«በዚህ ሐይቅ መሐል፣» አለ፣ «ባለፈው ወር አለፍኩ፤
በቅሎ አበላሁበት፣ ተኛሁበት፤ ጫማዬን እንኳ አላራስኩ።»
አባ ኦስበርን ፊቱ ቀላ፤ መፋቂያ ካራ አነሣ፤
ቀዳዳ እንደማይፋቅ በድንጋጤ ረሳ።

«ቤትህስ?» አለው ቀስ ብሎ፣ «ቤትህ በየት በኩል ነው?»
ማሊስ ጣቱን ወደ ላይ፣ ከድልድዩ አሻገረው፣
አሻገረው፣ አሻገረው፤ ብራናው አለቀ፤ ጣቱ
ከጥጃዋ ውጭ፣ ከገበታው እንጨት ላይ ቆመ።
«እዚህ» አለ፤ «ሚስቴ እዚህ፣ በጌም እዚህ ከረመ።»
አባ ኦስበርን ብዕሩን ነክሮ፣ ከዚያው ከእንጨቱ ላይ
አንዲት ቀይ ነጥብ ጣለ፣ አበምኔቱ ሳያይ።

ሦስት ዓመት ቆይቶ መጣ የንጉሥ መልእክተኛ፤
ጦር ወደ ሰሜን ሊዘምት፣ ካርታውን ወሰደ ከእኛ።
በስንቅ ሣጥን ጠቅልሎ፣ ከጨውና ከዓሣ ጋር፣
የጥጃዬን አንገት ይዞ ሄደ፣ ሊወርበት አገር።

ሰማን ከዚያ ወዲያ፦ ሐይቁን ፈልገው አጡት፤
ሠራዊቱን ሊያጠጡ ነበር፤ ጤዛ አጠጡት።
በድልድዩ ሊያልፉ ሲጋፉ ቀን ሙሉ፣
ከብት ነጂው ከጎናቸው በመልካ ያልፍ ነበር አሉ።
ከሄዱት አንዱ ኤልዊን፣ የእህቴ ልጅ ነበረ፤
የትኛው ወንዝ እንደሆነ እንጃ፣ ብቻ እዚያው ቀረ።

አባ ኦስበርን አሁን ሌላ ቆዳ ይለምነኛል፤
«ሰፊ አንገት ያላት» ይላል፤ ከየት ይመጣልኛል?

ገበታው ግን አለ፤ ቀለም ፈሶበታል፣
ሻማም ቀልጦበታል።
ስወለውል፣ ያችን ነጥብ በዙሪያዋ አልፋለሁ፤
ሰው ተኝቶባታል።