አንድ ሚስማር

መኪናው ተወዶ ጋሪ ተከራየሁ፤
አልጋውን ፈታሁት፣ ሣጥኑን አወጣሁ፤
ፈረሱ ቡላ ነው፣ ባለጋሪው ቶላ፣
ፍራሹ ከፊት ሆነ፣ ቁም ሣጥኑ ከኋላ።

አባባ አላገዘም።
ከበሩ መቃን ላይ፣ በመዶሻው ጥርስ፣
ቆርቆሮ ይፈነቅላል፣ ጠርዙ እንዳይበጠስ።
መደቡ ሰማያዊ፣ ፊደሉ ነጭ፦
ቀበሌ ዜሮ አምስት፣
ሦስት መቶ አሥራ ስምንት።
«የሠለስቱ ምዕት፣ የሊቃውንት ቁጥር!»
ይል ነበር እየሳቀ፣ ጣራው ባፈሰ ቁጥር።

መውጣቱን የተመኘሁ እኔ ነኝ፣ አልዋሽም፤
ለጋራው ሽንት ቤት ሰልፍ ዕንባ የለኝም።
ዐሥራ ሰባት ዓመት ከደሞዜ ቆረጥሁ፣
ጫማ ሳልቀይር ከረምሁ፤
ስሜ በዕጣው ሲወጣ፣ ሰሌዳ ላይ ሲገኝ፣
ሦስቴ አነበብሁት፤ የሌላ ሰው መሰለኝ።

«አባባ» አልሁት፣ «ባቡሩም እኮ ለቋል፤
አዲሱ ጣቢያ ከከተማ ውጭ፣ ሜዳ ላይ ተተክሏል።»
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሐዲድ ዳር የቆመ፣
በአረንጓዴና ቀይ ጨርቅ ክንዱ የደከመ፣
«ባቡርስ ሥራው መሄድ ነው» አለኝ፣ ሳያየኝ፤
«የጣቢያ መሄድ ነው እኔን የገረመኝ።»

አዴ መይሙና ብቻ አልወጡም ሊሸኙን፤
በጭቃው ግድግዳ ነው ሦስቴ ያንኳኩልን።

ጋሪ አስፋልት አይነካም፣ ትራፊክ ይቆጣል፤
ቶላ በውስጥ ለውስጥ፣ በአቧራው ያቋርጣል።
በሐብሐብ ክምር ሥር፣ በጎማ ሠሪው ደጅ፣
«ሄዳችሁ?» ይለናል የማላውቀው ልጅ።
አባባ ፍራሹ ላይ፣ ቆርቆሮዋን ታቅፎ፣
እንደ አራስ ሕፃን በመዳፉ ደግፎ።

አራተኛ ፎቅ ነው፣ መስኮቱ ለጋራ፣
ነጫጭ የነፋስ መዘውር ሲዞር በየተራ።
ውኃ ሐሙስና እሑድ፤ መብራት እንደ ፈቀደ።
ሽንት ቤቱ የራሳችን፣ ከውስጥ ይቆለፋል፤
ቆልፌ ተቀመጥሁ። እንዲያው ደስ ይላል።

ሌሊቱ ግን ረዘመ።
በዚያኛው ቤት ሌሊቱን የምንቆርጠው በሳል ነበር፤
ዘጠኝ ሰዓት ግድም
አዴ መይሙና ከወዲያ ሲስሉ
«አሉ» ይላል አባባ፤ ይገላበጣል፣ ይተኛል።
እሱ የሳለ ሌሊት ደግሞ
እሳቸው በጥፍራቸው ጭቃውን ይነኩታል፤
ቀስ ብለው፣ አንዴ።
ሠላሳ ዓመት እንዲህ። ቀን ሲገናኙ
ስለ ዝናብና ስለ ሽንኩርት ዋጋ ነበር ወሬያቸው።

ይሄኛው ግድግዳ ብሎኬት ነው፣ ሲሚንቶ፤
ሳል እንኳ አያልፍም ከወዲያ ማዶ ገብቶ።
አንድ ሌሊት አንኳኳሁ።
ማንም።
ወይ ሰው የለም፣ ወይ አለ፣ ቤቱን ገና ያላመነ፣
እንደ እኛው ዓይኑን አፍጥጦ ጣራ ሲለካ የባነነ።

በሳምንቱ፣ ሳላየው፣ ቆርቆሮዋን መታት፣
ከአዲሱ ቁጥር በላይ፣ ዘመም አድርጎ ሰቀላት።
ብሎክ ሃያ ሰባት ከሥሯ ይነበባል፤
የቆጣሪ አንባቢው ቆሞ ራሱን ያካል፦
«የትኛው ነው ቤታችሁ?»
«ላይኛው ለሚያውቀን ነው» አለው አባባ፣
«ታችኛው ለሒሳቡ።»

ያን ዕለት ማታ የአዳማ ነፋስ ተነሣ፤
ከመዘውሮቹ የተረፈው፣ አሸዋ የቀላቀለው፣
በደረጃው ሽቅብ መጥቶ በራችንን አገኘ።
በአንድ ሚስማር የቆመች ቆርቆሮ
ቀጭ አለች። ቀጭ፣ ቀጭ።
ቆይታ ደግሞ፣ ቀጭ።
እንደ አሮጊት ጉሮሮ ደረቅ ያለ ድምፅ።

መዶሻ ይዤ ወጣሁ፣ ከንፈሬ ላይ ሚስማር ነክሼ።
«ተዪያት» አለኝ ከጨለማው፤
«ሁለተኛውን አትምቺ።»
ወዲያው ትንፋሹ ከበደ፤ ተኛ።

እኔ ኮሪደሩ ላይ፣ መዶሻው በእጄ፣ ትንሽ ቆየሁ።
ከጎናችን ባለው በር ሥር መብራት በራ፤
ጠፋ።