አንድ ጣት ውኃ

ስሙ ይርሳው ነበር፤ መርሳት ግን አያውቅም፤
ጀልባ በጨለማ ቢያስል፣ «የማን ነው?» ብሎ አይጠይቅም።
ከባሕር ዳር ወደብ ጥግ፣ ከዋርካው ሥር ቆርቆሮ ቤት፣
ስድስት ወር ጨርቅ አጠብኩ፣ ቁልፍ ከመንካቴ በፊት።
«ናፍጣ እንደ ጠላ ነው» ይለኛል፤ «ሦስት ቀን አስተኛው በርሜሉን፤
ከላይ ከላይ ቅዳ እንጂ፣ አትቀስቅስ አተላውን።»

እኔ ግን አንድ ማለዳ፣ የደቅ ተሳፋሪ ሲንጫጫ ገና ሳይነጋ፣
ጀሪካኑን ገለበጥኩት፣ ማጥለያ ሳልዘረጋ።
ማን ያየኛል ብዬ።

ሐይቁ አየኝ።

ዘጌን አልፈን፣ ውኃው ከሰማይ ሲገጥም፣
ሞተሩ ሁለቴ አነጠሰ፣ ነጭ ጢስ ተፋና፣ ዝም።
አርባ ሰው፣ ስድስት ፍየል፣ የሠርግ ድንኳን ከነካስማው፣
ሁሉም እኔን የሚያይ መሰለኝ፤ እምቦጩ እንኳ ከነአበባው።
አንድ ሽማግሌ በደንገል ታንኳ አጠገባችን አለፈ፤
«የኔ ናፍጣ ቂጣ ነው!» ሲል ሳቀብንና ቀዘፈ።

ይርሳው አልተቆጣም። ከፊልትሮው ሥር ብሎን ፈታ፤
ከናፍጣው ቀድሞ ውኃ ወረደ፣ በእርጋታ።
«ሐይቁ ውጭ ነው» አለ፤ «ማን አስገባው ወደ ውስጥ?»
በአውራ ጣቱ ፖምፓዋን ሲጫን፣ አየሩ አረፋ ሆኖ ሲያመልጥ።
በአራት ሲሊንደር ወጥተን፣ በሦስት እያነከስን ገባን፤
ድንኳኑ ከሙሽራው ቀድሞ ደረሰ፤ ያ ብቻ ነው ያጽናናን።

ማታ ኢንጀክተሩን አወጣን፤ ጫፉ ጠቁሮ ከሰል መስሏል።
ሽቦ ሳነሳ እጄን መታኝ፦ «ዓይን በወስፌ ይኳላል?
ከፀጉር የቀጠነ ቀዳዳ ነው።»
በንጹሕ ናፍጣ ዘፈዘፈው፣ በነሐስ ብሩሽ አሸው፤
መሞከሪያው ላይ አስሮ፣ ክንዱን ዝቅ ሲያደርገው፣
ጠዋት እንደ አፍንጫ ይንጠባጠብ የነበረ፣
እንደ ጣና ንጋት ጉም ተበትኖ በረረ።
«እጅህን አርቅ» አለኝ፤ «ጉም ነው ብለህ አትዳሰው፤
ቆዳ በስቶ ይገባል፤ ደም ውስጥ ነው የምታገኘው።»

ስለዚያች ቀን የተናገረኝ ይህን ብቻ ነው፣ ፊቱን ሳያዞር፦
«ጢስ ለዓባይ ነው የሚያምር፤
እኛን ያሳጣል።»

ዛሬ በርሜሉን የማስተኛው እኔ ነኝ።
ባለ ጀልባ ቢጣደፍ፣ ቢቆጣ፣ እጥፍ ቢሰጠኝ፣
ሦስተኛው ሌሊት ሳይነጋ ክዳኑን አልነካም።
ከሥር፣ ከአተላው ጋር፣ አንድ ጣት ውኃ ተኝታለች።

አውቃታለሁ።
ያቺው ነች።